ዘበኛውን ያታለልሁበት አዝመራ

ስልክ ሲጠራ «ሃሎ» አልልም፤ «አለሁ!» ነው የምለው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ባዘጋጀልኝ ሽኝት ላይ ልጆቹ ይህችን እያስመሰሉ ሲሥቁብኝ ዋሉ። አንዷ ደፋርማ ማይክራፎኑን ነጥቃ፣ «እትዬ ትርንጎ፣ ይህችን አለሁ ከየት እንዳመጧት ሳይነግሩን አንሸኝዎትም!» አለች። ኬኩ በሙቀቱ እየቀለጠ፣ እንግዳው ሁሉ ዓይኑን ኬኩ ላይ ተክሎ፣ እኔ ስለ መተማ ወሬ ልጀምር? «እጽፍላችኋለሁ» ብዬ አመለጥሁ። ይኸውና ቃሌን ላክብር።

የአዘዞ ልጅ ነኝ። በደርግ ዘመን፣ በሰባዎቹ መጨረሻ ግድም፣ ምሥራቅ ጀርመን ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ስመለስ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምመደብ መስሎኝ ሁለት ጉርድ ቀሚስ አሰፋሁ፤ ባለ ተረከዝ ጫማም ገዛሁ። የምደባው ወረቀት ሲመጣ «መተማ፣ የመንግሥት እርሻ፣ የውኃ ክፍል» ይላል። እናቴ «ቆላ! ልጄን ለወባ!» ብላ እሪ አለች። አባቴ ግን የድሮ ሾፌር ስለሆነ መንገዱን ያውቀዋል፤ «ጫማውን እዚህ ተይው» ብቻ አለኝ። የበረሃ አበል የምትባል ነገር ከደመወዜ ላይ ትጨመርልኝ ነበር፤ አጎበርና የወባ ክኒን በላት።

ካምፑ ከሸሕዲ ወደ መተማ ስትወርዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። በአዝመራ ጊዜ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ለአጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ በቆላው አጠራር ሳሉግ የምንላቸው፣ ይሞሉታል። ለዚያ ሁሉ ሰው ያለው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ጓንግ ወንዝ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ውኃውንም ጠጥቶ ሆዱን ያልታመመ የለም። እንግዲህ ፓምፑ ከቆመ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሰው ከሄደ ደግሞ ሰሊጡ በቆመበት ይረግፋል። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም።

ፓምፑን የምታዝዘው ጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ የተሰቀለች አንዲት ግራጫ ሳጥን ነበረች። ከውጭ ከፓምፑ ጋር የመጣች ናት። ውስጧ ማይክሮኮንትሮለር አለ፤ ማለት ከጣቴ የማትበልጥ ኮምፒውተር፣ ቺፕ የምንላት። ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ መኖሩን በሽቦ ትጠይቃለች፣ ታንከሩ መሙላት አለመሙላቱን ታያለች፣ ሞተሩን ታስነሳለች፣ ታቆማለች። ጉድጓዱ ሲጎድል ውኃው ተመልሶ እስኪሞላ ሞተሩን አርባ ደቂቃ ታሳርፋለች፤ ውኃ በሌለበት የዞረ ፓምፕ ይቃጠላልና። ይህን ሁሉ ስትሠራ የምታስታውሰው መቶ ሃያ ስምንት ቁጥር ብቻ ነው! እናንተ ዛሬ ለአንድ የሠርግ ፎቶ የምታባክኑትን ሜሞሪ እኛ በሕልማችንም አላየነውም።

ከጎኗ ደግሞ ሌላ ትንሽ መሣሪያ ነበረ። ፈረንጆቹ ዋችዶግ ይሉታል፤ እኛ ዘበኛ ነበር የምንለው። ፕሮግራሙ ሥራውን አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ለዘበኛው «ደህና ነኝ» የሚል ምልክት ይልካል። ምልክቱ ከዘገየ ዘበኛው ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ቀርቷል ብሎ ሞተሩን ያቆምና ቺፗን እንደገና ከሀ ያስጀምራታል። ሪሴት የምትሉት እሱ ነው። ዘበኛው አይከራከርም፣ አይለመንም፤ ምልክት አለ ወይስ የለም ብቻ ነው የሚያውቀው።

አለቃዬ ጋሽ ተካልኝ ጎንደር ቅርንጫፍ ይቀመጡ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ራዲዮ ጠጋኝ የነበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቻቸው የማላውቅ ሰው ናቸው። የተበላሸ ነገር ዘንድ ሲደርሱ ክዳኑን አይከፍቱም። በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ያዝዛሉ፣ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው እየቆረጠሙ ያገኙትን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ኦፕሬተሩን፣ ጠራጊዋን፣ አላፊ አግዳሚውን። «ማሽኑ የትም አይሄድም፤ ሰው ግን ይረሳል» ይሉ ነበር። እኔ ካቻቢቴን ይዤ ቆሜ ስቁነጠነጥ አይተው ይሥቁብኛል።

ባለ ካሬ ደብተር ነበራቸው። አንዱ ገጽ ላይ መቶ ሃያ ስምንት ካሬ ያሰምሩና የሜሞሪውን ክፍል አንድ በአንድ በእርሳስ ስም ይሰጡታል፤ ይህች የደቂቃ መቁጠሪያ፣ ይህች የሞተር፣ እነዚህ ባዶ። እስክሪብቶ አያስነኩም። ፕሮግራም ሥራ መሐል ሲጣደፍ የያዘውን ነገር ለጊዜው የሚቆልልበት ቦታ አለው፤ ቁልሉ ከመጠን በላይ ካደገ የሌላውን ክፍል ይረግጣል። ጋሽ ተካልኝ ባዶዎቹን ክፍሎች ሁሉ አስቀድመው በአንድ ዓይነት ቁጥር ይሞሏቸውና ከሳምንት በኋላ ከፍተው ቁጥሩ እስከ የት እንደ ተፋቀ ያያሉ። ክረምት ጓንግ እስከ የት እንደ ሞላ በጋ ላይ የዛፉን ግንድ አይቶ እንደ ማወቅ ነው። ይህን ዘዴ የትም ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም።

አንድ የምፈራው ልማድም ነበራቸው። ጥፋት የሠራ ሰው የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሩም «እኔ» ብሎ መጀመር አለበት። «ሽቦው ተበጠሰ» ብላችሁ ብትጽፉ በላጲስ አጥፍተው ይመልሱላችኋል።

ወደ አዝመራው ልምጣ። ሰሊጥ አጨዳ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታንከሩ ይጎድል ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ማታ «ጓድ ትርንጎ፣ ውኃስ?» ሆነ ሰላምታቸው። ሁለት ቀን ሳጥኗ ፊት ተቀምጬ ነገሩን ደረስሁበት። ጋራዡ ውስጥ በያጁ ብየዳ በጀመረ ቁጥር የጄኔሬተሩ ጉልበት ይወርዳል። ያን ጊዜ የውኃ መጠየቂያው ሽቦ መልስ ይዘገያል፤ ፕሮግራሙ መልሱን ሲጠብቅ ለዘበኛው ምልክት መላክ ያመልጠዋል፤ ዘበኛውም ሪሴት ያደርጋታል። ፕሮግራሙ ከሀ ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠራው ሜሞሪውን ሁሉ ዜሮ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያረፈ ሞተር ያረፈው ይረሳና አርባ ደቂቃው እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል። በያጁ ቀኑን ሙሉ ከበየደ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያርፍ ይውላል ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርሁ። ከዚህ በኋላ ጥድፊያዬ መጣ። ጋሽ ተካልኝ ከጎንደር በመገናኛ ራዲዮ «ቆይ እስቲ፣ መጥቼ እንየው» ቢሉኝም ልቤ አልቆየም። ፕሮግራሙ ውስጥ ሰዓት የምትቆጥር ትንሽ ክፍል አለች። ዋናው ፕሮግራም ቢሠራም ቢደርቅም እሷ ግድ የላትም፤ በገዛ ጊዜዋ ብቅ ብላ ቆጥራ ትመለሳለች። እኔ ብልጧ «ደህና ነኝ» የሚለውን ምልክት እሷ እንድትልከው አደረግሁ። አዲስ ቺፕ ላይ ጽፌ ሰካሁ፤ ሪሴት የሚባል ነገር ድራሹ ጠፋ! በያጁ ይበይዳል፣ ፓምፑ ይስባል፣ ታንከሩ ሞልቶ ይፈሳል። ሥራ አስኪያጁ ፍየል አሳረዱ። «ኢንጂነሯ! ኢንጂነሯ!» ሲባል ደረቴ ተነፍቶ በበር አልገባ አለኝ።

ውኃ ሲትረፈረፍ ሰው ምን ያደርጋል? ልብሱን ያጥባል። ካምፑ በሙሉ አጠበ። ልብስ ማስጫ ግን አልነበረም። ከጉድጓዱ እስከ ጄኔሬተሩ ቤት በእንጨት ላይ የተዘረጋው ሽቦ ደግሞ፣ ያ የውኃ መጠየቂያው፣ እንዴት ያለ ማስጫ መሰላችሁ! ሱሪው፣ ሸሚዙ፣ አንሶላው ተደረደረበት። ልዋሽ አልችልም፤ እኔም ከሁለቱ ጉርድ ቀሚሴ አንዱን አስጥቼበታለሁ። በአሥረኛው ቀን የወሎዎቹ ልጆች እርጥብ ጋቢያቸውን አምጥተው ሲጥሉበት ሽቦው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ልጆቹ ቋጥረው አሰሩትና ጋቢያቸውን መልሰው አሰጡ። የቋጠሩት ግን ከነላስቲኩ ነው፤ መዳቡ ከመዳቡ አልተገናኘም።

ፕሮግራሙ ጉድጓዱን «ውኃ አለ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የለም። ጠበቀ። እዚያው ደርቆ ቀረ። ሰዓቷ ግን «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለች ለዘበኛው መላኳን ቀጠለች፤ ዘበኛውም አመነ። ሞተሩ ጉድጓዱን አድርቆ በባዶው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። የጄኔሬተሩ ኦፕሬተር የተቃጠለ ሽታ ሸትቶት እየጮኸ ሲመጣ እኔ ራኩባው፣ ማለት የሣር ዳሱ ሥር ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ብርጭቆውን ጥዬ ሮጥሁ። ሞተሩን ስነካው እጄን ፈጀኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ፤ ሂስና ግለ ሂስ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥተው «ሽቦ ተበጥሷል፤ በአዝመራ መሐል ሽቦ በራሱ አይበጠስም። ይህ አሻጥር ነው!» አሉ። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባለው ቃል ሰው ታስበላለች። የወሎዎቹ ልጆች ፊታቸው አመድ መሰለ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ እግሬ ሳያማክረኝ አስነሣኝ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ አሻጥር አይደለም። ሽቦውን የበጠሰው ልብስ ነው፤ የእኔም ቀሚስ ተሰጥቶበት ነበር። ሞተሩን ያቃጠልሁት ግን እኔ ነኝ» አልሁ። ከዚያ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ሰዓቷ፣ ስለ ምልክቱ አንድ በአንድ ማስረዳት ጀመርሁ። ማንም አልገባውም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እንግዲያ ዘበኛውን አስሩት!» አሉና ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ። ሣቁ አሻጥርን ይዞልን ሄደ። ሥራ አስኪያጁም ለዘብ ብለው ፈረዱ፤ «ሞተሩ ተሠርቶ ሲመጣ ይህች ሳጥን ትነቀል። ፓምፑን ሰው በእጁ ያስነሣል፣ ያቆማል። ጓድ ትርንጎም ወደ ጎንደር ትመለስ» አሉ። ሳጥኗ ከመምጣቷ በፊት የድሮውን ፓምፕ በእጁ ያሠራ የነበረው ሰው ሁለት ሞተር ማቃጠሉን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተናገረ ግን የለም።

ጋሽ ተካልኝ በጭነት መኪና ከተፍ አሉ። በርጩማ፣ ሻይ፣ ቆሎ። ልብሱን ያሰጡትን ልጆች ሳይቀር ጠየቁ። በመጨረሻ ደብተሩን ገልጠው እርሳሱን ሰጡኝ። «እኔ ዘበኛውን አታለልሁት» ብዬ ጻፍሁ። እንባዬ ካሬው ላይ ጠብ አለ። አንብበው አልተቆጡም። «ልክ ነሽ። ተቆጣጣሪ የሚያናድደው እውነቱን ሲናገር ነው፤ አንች አፉን ያዝሽው። አሁን ያለን ጊዜ ሞተሩ ጎንደር ሄዶ ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ እስኪመጣ ነው፤ ስምንት ቀን ቢሆን ነው። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሳጥኗን ፊታቸው ላይ ፈትነን ከወደቀች ይንቀሏት» አሉኝ።

ቺፖቹም ቢሆኑ ቀን ይፈልጉ ነበር። የተጻፈባቸውን ለማጥፋት በአናታቸው ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ልዩ መብራት ይበራባቸዋል፤ መብራቱ ግን መንገድ ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ ተሰብሯል። ጋሽ ተካልኝ ቺፖቹን በሳህን አድርገው ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አሰጧቸው። «የመተማ ፀሐይ የሰውን ፊት ከፋቀች ይህችን አታቅታትም» አሉ። እውነትም በሳምንቱ ነጭ ወረቀት ሆኑ።

እስከዚያ ውኃ ከጓንግ በአህያ ይመጣል። አፍሬ ስለነበር እኔም አህያ ነጂዎቹን ተቀላቀልሁ፤ ያን ጫማ አባቴ ማስቀረቱን ያኔ አመሰገንሁ። ሰው መሄድ ጀምሯል። በየቀኑ ጠዋት አምስትም አሥርም ሆነው ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ ሸሕዲ ያቀናሉ፤ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

በአምስተኛው ቀን ውኃ ያደረስሁት ለአያ ዳኜ ቡድን ነበር። አያ ዳኜ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ስንት አዝመራ የወረዱ፣ የአጫጆች አለቃ። የእሳቸው ቡድን ቀድሞ የደረሰውን ማሽላ ነበር የሚያጭደው። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ አጫጁ አንዴ ከገባ አይታይም። ስለዚህ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ዳር ላይ ይቆሙና ስም ይጠራሉ። የተጠራው ትልሙን ጨርሶ ከሆነ «አለሁ!» ይላል። ሁሉም በየስማቸው ሲመልሱ ብቻ አያ ዳኜ ማጭዳቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ቡድኑ ወደሚቀጥለው ትልም የሚሻገረው ያኔ ነው።

ጀሪካኔን ሳወርድ ጥሪው ላይ ነበሩ።

«ካሴ!» «አለሁ!»

«ሞላ!» «አለሁ!»

«ወርቁ!» «አለሁ!»

አያ ዳኜ ማጭዱን ሊያነሡ ሲሉ እጃቸው ግማሽ ላይ ቆመ። «ኧግ! ይች የወርቁ ድምፅ አይደለችም!» ብለው ማሽላውን እየገነጠሉ ገቡ። ተከትያቸው ሮጥሁ። ወርቁ ትልሙ መሐል ተዘርሯል፤ ወባ ይዞት ግንባሩ እሳት ሆኗል። የመለሰለት ጎኑ የሚያጭደው ወዳጁ ሞላ ነው። «ትንሽ ጋደም ይበል ብዬ ነው አያ፣ እንዳይቆጡት ብዬ» አለ እየተርበተበተ።

«ወዳጅነትህን አውቃለሁ ልጄ» አሉት አያ ዳኜ። «ግን ማንም ለማንም አይመልስም! አንተ ስትመልስለት እኔ ደህና ነው ብዬ እሻገራለሁ፤ እሱ እዚህ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ለሱ ብለህ ልትገድለው ነበር እኮ!»

ወርቁን ውኃ አጠጥተን፣ ራሱን አርሰን በአህያዬ ጫንነው፤ ካምፕ ያለችው ነርስ መርፌ ወጋችው፤ በአራተኛው ቀን ተነሣ። እኔ ግን ማሽላው መሐል እንደ ቆምሁ ዓይኔ በራ። ሰዓቷ! የወርቁ ወዳጅ ሰዓቷ ናት! ፕሮግራሙ ተዘርሮ ሳለ «አለሁ» ያለችለት እሷ ናት። ካምፕ እስክንደርስ ድረስ ብቻዬን ሳወራ ወርቁ አህያው ላይ ሆኖ «እታለም፣ አንችንም ወባ ያዘሽ?» አለኝ።

ጋሽ ተካልኝን ያገኘኋቸው ጣሪያው ላይ ያሰጧቸውን ቺፖች ሲያገላብጡ ነው። ከመሰላሉ ሳይወርዱ ሁሉንም ነገርኋቸው። ቆሎአቸውን እንኳ ሳይቆረጥሙ ሰሙኝ።

«ያ ሰውዬ ስንት ክፍል ተምሯል?» አሉ።

«ፊደል አይቆጥሩም መሰለኝ።»

«ጉድ ነው! እኔ ሠላሳ ዓመት የፈጀሁበትን ነገር በማጭድ ይሠራዋል። በይ ነይ፣ እርሳስ አምጭ።»

ሦስት ቀን ሠራን፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ የለም። ከመቶ ሃያ ስምንቱ አንዷን ክፍል የስም መጥሪያ አደረግናት። ጉድጓዱን የሚጠይቀው፣ ታንከሩን የሚያየው፣ ሞተሩን የሚያዝዘው፣ ዕረፍቱን የሚቆጥረው፣ አራቱም ሥራቸውን ሲጨርሱ እዚያች ክፍል ላይ የየራሳቸውን ምልክት ብቻ ያኖራሉ። ማንም የሌላውን አይነካም። በዙሩ መጨረሻ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ አራቱም መልሰው እንደሆነ ይታያል፤ ሁሉም ካሉ ለዘበኛው «ደህና ነኝ» ይላካል፣ መጥሪያዋም ለሚቀጥለው ዙር ትጸዳለች። አንዱ ከጎደለ ምልክት የለም፤ ዘበኛው ሥራውን ይሥራ።

«ሪሴት ካደረጋት ግን አርባ ደቂቃው እንደገና ሊረሳ አይደል?» አልሁ።

«ማን ነው የሚረሳው? ቺፗ ናት?» አሉ ጋሽ ተካልኝ። እንደገና አሰብሁ። ለካ ቺፗ መብራት ጨርሶ እስካልጠፋ ድረስ ሪሴት ብትደረግም የያዘችውን አትጥልም፤ የሚያስረሳት ያ ሲነሣ ሁሉን ዜሮ የሚያደርገው ፕሮግራም ነው! እንግዲያ አናጥፋው። የደቂቃውን ቁጥር ሁለት ቦታ ጻፍነው፤ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን ገልብጠን። ስንነሣ ሁለቱ ከተስማሙ ካቆምንበት እንቀጥላለን፤ ካልተስማሙ ጉልበቱ ሲወርድ ተበላሽቷል ማለት ነውና ከዜሮ እንጀምራለን። ሪሴት ሲሆን ደግሞ ያልመለሰው ማን እንደነበረ እንዲታወቅ አደረግን፤ ሳጥኗ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ለጉድጓዱ ሁለቴ፣ ለታንከሩ ሦስቴ ብልጭ ትላለች። ያልመለሰው ተመልሶ «አለሁ» እስኪል ሞተሩ አይነሣም። ጋሽ ተካልኝ ካሬዎቹን በእርሳሳቸው ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ፤ ሠላሳ አንድ ባዶ ክፍል ተርፎናል። «ሀብታሞች ነን» አሉ።

ሞተሩ በስምንተኛው ቀን መጣ። ተገጠመ፣ ተነሣ፣ ውኃው ታንከሩ ውስጥ ሲንዠቀዠቅ ሰው ሁሉ እልል አለ። ጓዛቸውን አስረው የነበሩትም ከነጓዛቸው ቆመው ያያሉ። ሥራ አስኪያጁ «በሉ፣ ፈትኑና ልንቀላት» አሉ። ጉድጓዱ ሲጎድል ሳጥኗ ሞተሩን አሳረፈች። ዕረፍቱ አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ጋሽ ተካልኝ በያጁን «በይድ!» አሉት። እሳቱ ተፈናጠረ፣ መብራቱ ደነገዘ፣ ዘበኛው ቺፗን ከሀ አስነሣት፤ ቀይዋ መብራትም ሁለቴ ብልጭ አለች። ብየዳው ሲቆም ሰዓቴን ይዤ ጠበቅሁ። ሃያ ሦስት ደቂቃ፤ ሞተሩ ተነሣ! አልረሳችም! እኔና ጋሽ ተካልኝ ተያየን፤ እሳቸው ግን ገና ፊታቸውን አልፈቱም። ከመሣሪያ ሳጥናቸው ፒንሳ አውጥተው ሰጡኝ።

«ሽቦውን ቁረጭው።»

«ሞተሩ እየዞረ?»

«እየዞረ።»

ሥራ አስኪያጁ «ኧረ በሕግ! ይህ ሞተር ከተቃጠለ ሌላ የለንም! ሰዉም ዛሬውኑ ነው የሚበተነው!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ተካልኝ እኔን ብቻ ነው የሚያዩት። እነዚያ ከነጓዛቸው የቆሙት ሰዎች፣ የሚረግፈው ሰሊጥ፣ ሁሉም ፒንሳው ጫፍ ላይ የተቀመጡ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቆረጥሁት።

አንድ። ሁለት። ሞተሩ ድው ብሎ ቆመ።

«እልልልልል!» ብዬ ዘለልሁ። ብቻዬን! ሕዝቡ «ወይኔ! አበላሸችው!» እያለ ራሱን ይዟል፣ ሥራ አስኪያጁ በርጩማው ላይ ተዘፍዝፈዋል፣ እኔ መሐል ቆሜ ስለቆመ ሞተር እልል እላለሁ። አንዲት ሴትዮ «አበደች ምስኪን» ስትል ሰምቻታለሁ። ጋሽ ተካልኝ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አቧራ ነው አሉ።

ነገሩ የገባቸው አያ ዳኜ ብቻ ነበሩ። ቀረብ ብለው ቀይዋን መብራት አዩ። «ሁለቴ ትላለች፣ ሁለቴ ትላለች... ሁለተኛው አልመለሰም ማለት ነው?»

«ጉድጓዱ ነው አያ ዳኜ፣ ጉድጓዱ አልመለሰም።»

«እንግዲያ ማጭዱን አላነሣችም!» ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ምን ታለቅሳላችሁ? ደህና ሲሆን መሥራትማ ያችኛይቱም ሠርታ ነበር። ይች አንድ ሲጎድልባት አልሻገርም አለች እኮ!» ሽቦውን ገጣጠምሁት። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ በራሱ ተነሣ፣ ውኃው መጣ። አሁን ሁሉም እልል አለ። ሥራ አስኪያጁ «ትቆይ» አሉ። ሳጥኗን ይሁን እኔን አልጠየቅሁም። ወዲያውም ለሰው ሁሉ ልብስ ማስጫ የሚሆን ገመድ እንዲገዛ አዘዙ።

በማግሥቱ ሁለት ጀሪካን የጉድጓድ ውኃ ይዤ አያ ዳኜ ቡድን ዘንድ ሄድሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ መሄድ ፈልጌ ነው። ጓዙን ጠቅልሎ የነበረው ሁሉ ማሽላው ውስጥ ነው፤ ማጭዱ ሲሸልት ይሰማል እንጂ ሰው አይታይም። አያ ዳኜ ዳር ላይ ቆመው እየጠሩ ነው፤ «ካሴ!» «አለሁ!» «ሞላ!» «አለሁ!» «ወርቁ!» ወደ ማሽላው አንገቴን አሰገግሁ። ከዚያ ከካምፑ በኩል፣ ከኋላዬ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ቀስ እያለ የሚመጣ አንድ ከሲታ ሰው፣ «አለሁ! ራሴ ነኝ አያ!» አለ።

ሁሉም ማሽላው ውስጥ ሆነው ሣቁ። አያ ዳኜ ግን ማጭዱን አላነሡም። ቆመው ይጠብቃሉ። የቀረ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ማንን እንደሚጠብቁ ለማየት ወዲያ ወዲህ ዞርሁ። በዚያ በጎጃም ድምፃቸው፣ እርሻው እስኪያስተጋባ፣

«ትርንጎ!» ብለው ተጣሩ።

ለእኔ ማንም አልመለሰልኝም።

«አለሁ!» አልሁ።

ማጭዱ ወደ ላይ ተነሣ።